መሬትን በብርድ ስለ ማርጋት፤ ለአንድ የኡም ራኩባ ተማሪ የዘገየ መልስ

(በመምህራን ማኅበር ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




የበዓሉ አዘጋጆች ስለ ሳይንስ ትምህርት አንድ ነገር እንድናገር በጠየቁኝ ጊዜ፣ ስለ ማስተማር ዘዴ ከእኔ የበለጠ የሚያውቁ ሰዎች በዚህ አዳራሽ መኖራቸውን ስለማውቅ፣ እኔስ ያንን ለእነርሱ ትቼ አንድ የቆየ ዕዳዬን ልክፈል ብዬ አሰብሁ። ዕዳው የገንዘብ አይደለም፤ የመልስ ዕዳ ነው። አበዳሪዬም በ1977 ዓ.ም. ዕድሜው 12 ዓመት ያህል የነበረ አንድ ልጅ ነው።

ነገሩ የተፈጸመው በኡም ራኩባ ነው። ኡም ራኩባ በምሥራቅ ሱዳን፣ በገዳሪፍ ግዛት፣ ከድንበራችን 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ስፍራ ናት። ራኩባ በሱዳን አረብኛ በእንጨት ምሰሶ ላይ በሣር የተከደነ መጠለያ ማለት ነው፤ እኛ ዳስ የምንለው መሆኑ ነው። እንግዲህ የስፍራይቱ ስም ወደ ቋንቋችን ቢመለስ «ባለ ዳሷ» እንደ ማለት ይሆናል። በ1977 ዓ.ም. ድርቅና ጦርነት ከትግራይ፣ ከወሎና ከጎንደር ያፈናቀሉት ሕዝብ በዚያ ሰፍሮ ነበር። ወደ ኢየሩሳሌም የሚወስዳቸውን መንገድ ይጠባበቁ የነበሩ ቤተ እስራኤላውያንም ከሰፈሩት መካከል ነበሩ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ መንገዱን ሳያዩ በዚያው አፈር ቀርተዋል። በኅዳር ወር 2013 ዓ.ም. ደግሞ ያው ስፍራ እንደገና ተከፍቶ፣ ከትግራይ ጦርነት የሸሹ ወገኖቻችን ሰፈሩበት። በዘመናችን ሁለት ጊዜ ዳስ ሆነችልን ማለት ነው።

እኔ በመጀመሪያው ጊዜ፣ በመተማ በኩል ከተሻገሩት ጋር የነበርሁ ወጣት መምህር ነበርሁ። ትምህርት ቤታችን ዳስ፣ ወንበራችን መሬት፣ ጥቁር ሰሌዳችንም በመዶሻ ተቀጥቅጦ የተዘረጋና ከሰል የተቀባ የናፍጣ በርሜል ነበር። ያን ሰሌዳ ዛሬም እወደዋለሁ፤ ጠመኔ ሲነካው የሚያሰማውን ድምፅ ግን ባስታወስሁ ቁጥር ጥርሴ ይበላኛል።

ስለ አፈሩ ጥቂት ልናገር፤ ነገራችን ሁሉ ከእርሱ የሚወጣ ነውና። የገዳሪፍ ሜዳ ማሽላና ሰሊጥ የሚያበቅል ጥቁር መሬት ነው። በጎንደር ዋልካ፣ በሸዋ ኮትቻ ወይም መረሬ ከምንለው ዘር የሆነ ነው። በበጋ ክንድ እስኪውጥ ድረስ ይሰነጠቃል፤ ክረምት ሲገባ ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ስንጥቁም ይዘጋል፣ ጫማን ከእግር ላይ ያወልቃል፣ መኪናንም ለሳምንታት አስሮ ያስቀምጣል። በበጋ ጉድጓድ ለቆፈረበት ሰው ግድግዳው እንደ ግንብ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ይህ ግን እስከ መጀመሪያው ከባድ ዝናብ ድረስ ነው።

በዚያ ዓመት በሚያዝያ ወር ስለ ሙቀት አስተማርሁ። መሣሪያ ስላልነበረኝ ከሱዳናውያን ጎረቤቶቻችን አንዱን ዚር ተዋስሁ። ዚር በእግር ማስቀመጫ ላይ የሚቆም፣ ውጪው ሁልጊዜ ወዝ የሚያወጣ ትልቅ የሸክላ ጋን ነው። ከውጭ ያለው አየር እንደ ምድጃ እየነደደ ከውስጥ የሚቀዳው ውኃ ጥርስ የሚያቀዘቅዝ ስለ ምን ሆነ? ብዬ ጠየቅሁ። ከሸክላው ፊት ላይ የሚተነው እያንዳንዱ ግራም ውኃ ወደ 580 ካሎሪ የሚጠጋ ሙቀት ከጋኑ ይዞ እንደሚሄድ ነገርኋቸው። ወዲያውም፣ 1 ግራም በረዶ ሲቀልጥ 80 ካሎሪ ይጠጣል፤ ውኃው ተመልሶ በረዶ ሲሆን ያንኑ 80 ካሎሪ ይተፋል፤ ሙቀት መለኪያው ግን ንቅንቅ ስለማይል ይህ ስውር ሙቀት ይባላል ብዬ በበርሜሉ ላይ ጻፍሁ። ልጆቹም «ሰማንያ፣ ሰማንያ» እያሉ በቃላቸው አጠኑት። ሰማንያው ለምን እንደሚጠቅም አልነገርኋቸውም። እውነቱን ለመናገር እኔም ለፈተና ከመጥቀሙ በቀር ሌላ ጥቅሙን አላውቅም ነበር።

በሐምሌ ወር አንድ ሌሊት ሲዘንብ አድሮ፣ በማግሥቱ በዳሳችን አጠገብ ይቆፈር የነበረው የመጸዳጃ ጉድጓድ ግድግዳ ተናደ። በውስጡ የነበሩት ሁለት ሰዎች እስከ ደረታቸው በጭቃ ተቀበሩ። በገመድ ተጎትተው በሕይወት ወጡ፤ አንደኛው ግን የጎድን አጥንቱ ተሰብሮ ብዙ ቀን ተኛ። እርሱም ከተማሪዎቼ የአንደኛው አባት ነበር። ልጁ በሦስተኛው ቀን ወደ ትምህርት ቤት መጥቶ እጁን አወጣና፣

«ጋሼ፣ ውኃ በረዶ ሲሆን እንደ ድንጋይ ይጠነክራል ብለውናል። የጉድጓዱን ዙሪያ ጭቃ በረዶ ቢያደርጉት ኖሮ ይናድ ነበር?» አለኝ።

እኔም ሳቅሁ። «ልጄ፣ በሱዳን ምድር በረዶ?» አልሁት። እኔ ስስቅ ዳሱ በሙሉ ሳቀ። ልጁ ተቀመጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤተሰቡ ከሰፈሩ እስከ ሄደበት እስከ ጥቅምት ወር ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ እጁን አላወጣም።

ከብዙ ዓመታት በኋላ በአዲስ አበባ በአንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የምሕንድስና መጽሐፍ ስገልጥ አንድ ሥዕል አየሁ። ክብ ሆነው የተተከሉ ቧንቧዎች፣ በመካከላቸው ጥልቅ ጉድጓድ፣ በጉድጓዱ ዙሪያ ነጭ የበረዶ ግድግዳ። ልጁ የጠየቀኝ ይኸው ነበር። እኔ በሳቅሁበት ዓመት ዘዴው ከ100 ዓመት በላይ አስቆጥሮ ነበር።

መሬትን በብርድ ማርጋት መጀመሪያ የተሠራበት እ.ኤ.አ. በ1862 በብሪታንያ፣ በደቡብ ዌልስ፣ በስዋንሲ አጠገብ ለማዕድን ጉድጓድ እንደ ሆነ ይነገራል። በደንብ የተቀየሰ ጥበብ ያደረገው ግን ጀርመናዊው የማዕድን መሐንዲስ ፍሪድሪኽ ሔርማን ፖትሽ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1883 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። ችግሩ የእኛው የኡም ራኩባ ችግር ነበር፤ ውኃ በጠገበ ልል መሬት ውስጥ ቢቆፍሩ ቢቆፍሩ ግድግዳው እየፈሰሰ ይሞላል። ፖትሽ ውኃውን በፓምፕ እየቀዳ ከመታገል ይልቅ ውኃውን ራሱን ግንበኛ አደረገው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሊቆፈር በታሰበው ስፍራ ዙሪያ፣ በየ1 ሜትር ያህል ርቀት፣ ጠባብ ቀዳዳዎች ወደ ታች ይሰረሰራሉ። በየቀዳዳው ታችኛው ጫፉ የተደፈነ ቧንቧ ይገባል፤ በቧንቧው ውስጥ ደግሞ ሌላ ቀጭን ቧንቧ ይገባል። ካልሲየም ክሎራይድ የተባለ ጨው የሟሟበት ውኃ፣ ከዜሮ በታች ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቀዝቅዞ በቀጭኑ ቧንቧ ይወርዳል፤ በሁለቱ ቧንቧዎች መካከል ባለው ክፍተትም የአፈሩን ሙቀት ይዞ ይወጣል። ጨው ያልገባበት ውኃ ቢሆን እዚያው ቧንቧው ውስጥ ረግቶ ይቀር ነበር። የወጣው ጨዋማ ውኃ ወደ ማቀዝቀዣው መኪና ተመልሶ፣ አሞንያ ወይም እርሱን የመሰለ ፈሳሽ በሚተንበት ዕቃ አጠገብ ያልፋል። አሞንያው ሲተን ሙቀቱን ይወስድበታል፤ ዚሩ ከጋኑ እንደሚወስደው ማለት ነው። ልዩነቱ የዚሩ እንፋሎት ወደ አየር ሲጠፋ፣ የመኪናው አሞንያ ግን በኃይል ተጨምቆ ሙቀቱን ውጭ ከጣለ በኋላ ፈሳሽ ሆኖ መመለሱ ነው። ስለዚህ ልጁ ሲጠይቀኝ የነገሩ ቁልፍ በእግሩ ቆሞ በአጠገቤ ወዝ ያወጣ ነበር፤ አላየሁትም።

እንግዲህ «በሱዳን ምድር በረዶ?» ያልሁት ፌዝ ምን ያህል እውነት እንደ ነበረው እናስላ። ስሌቱ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ብዙም አያልፍም፤ የሒሳብ መምህራን ግን ቁጥር ሲያመልጠኝ እንዲያርሙኝ አደራ እላለሁ።

ውኃ የጠገበ 1 ሜትር ኩብ አፈር እንውሰድ። በውስጡ 400 ኪሎ ግራም ውኃና 1,600 ኪሎ ግራም ያህል ደረቅ አፈር አለ እንበል። አንድ ኪሎ ደረቅ አፈር በ1 ዲግሪ ለመቀዝቀዝ የሚያወጣው ሙቀት አንድ ኪሎ ውኃ ከሚያወጣው አንድ አምስተኛው ያህል ነው። ስለዚህ ይህን ሜትር ኩብ በ1 ዲግሪ ለማቀዝቀዝ ከውኃው 400፣ ከአፈሩ 320፣ በድምሩ 720 ኪሎ ካሎሪ ማውጣት ያስፈልጋል። የጀርመን ጥልቅ መሬት 10 ዲግሪ ነው ብንል እስከ ዜሮ ለማድረስ 7,200 ኪሎ ካሎሪ ይሆናል። የኡም ራኩባው 30 ዲግሪ ነው ብንል 21,600 ይሆናል። ከዚያ በኋላ ሰማንያው ይመጣል፤ 400 ኪሎ ውኃ በረዶ ለማድረግ 32,000 ኪሎ ካሎሪ ማውጣት ግድ ነው፤ ይህም በጀርመንም በሱዳንም አንድ ነው። በመጨረሻ የረጋውን አፈር ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ለማውረድ 5,200 ይጨመራል። ድምሩ ለጀርመን 44,400፣ ለኡም ራኩባ 58,800 ሆነ። አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው የበለጠው! ይህን ባገኘሁ ቀን ልጁን ፈልጌ ይቅርታ ብጠይቀው ምንኛ በወደድሁ።

ሆኖም ደስታዬ አልቆየም። አንድ የግንባታ መሐንዲስ ወዳጄ ስሌቴን ተመልክቶ፣ «አንተ ያቀዘቀዝኸው በሳጥን ውስጥ የተቀመጠ አፈር ነው፤ መሬት ግን ሳጥን የለውም» አለኝ። እውነት ነው። ቧንቧው የራሱን ዙሪያ ሲያረጋ፣ ከበረዶው ውጭ ያለው አፈርም እየቀዘቀዘ ሙቀቱን ወደ ውስጥ ያፈሳል። ሳንገርና ሴይልስ የተባሉ መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት የስሌት ዘዴ፣ ይህ የመቀዝቀዝ ክበብ ራዲየሱ ከበረዶው ራዲየስ 3 እጥፍ ያህል ይሆናል ብለው ይነሣሉ። በዚህ መንገድ ሲሰላ አፈርን እስከ ዜሮ ለማቀዝቀዝ በእያንዳንዱ ሜትር ኩብ በረዶ ላይ የሚታሰበው ሙቀት ለጀርመን ከ7,200 ወደ 26,200፣ ለኡም ራኩባ ከ21,600 ወደ 78,600 ኪሎ ካሎሪ ይወጣል። ሰማንያው የሰጠን 32,000 በዚህ ጊዜ ለኡም ራኩባ አነስተኛው ሆኖ ቁጭ አለ። ስለዚህ ፌዜ ሙሉ በሙሉ ከንቱ አልነበረም ማለት ነው፤ ነገር ግን ስለ ፌዜ ምክንያት አልነበረኝም፤ ምክንያት የሌለው እውነት ደግሞ ለተማሪ አይሰጥም።

የሚጠይቀውን ጊዜ በዚሁ ዘዴ አሰላሁት። የቧንቧው ውፍረት 10 ሴንቲ ሜትር፣ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ፣ በቧንቧ መካከል ያለው ርቀት 1 ሜትር ይሁን፤ የረጋው አፈር ሙቀት የማስተላለፍ ችሎታም መካከለኛ ይሁን። በየቧንቧው ዙሪያ የሚያድጉት የበረዶ ዓምዶች እርስ በርሳቸው እስኪነካኩ ድረስ በጀርመኑ መሬት 12 ቀን፣ በኡም ራኩባው 21 ቀን ያህል ይፈጃል። ግድግዳው እንዲወፍር ደግሞ ከዚያ በላይ ቀን ይጨመራል። ሦስት ሳምንት! በክረምት በጭቃ ታስራ የቆመችን የእህል መኪና ከዚያ በላይ ጠብቀን እናውቃለን።

ከዚህ የበለጠ ያስገረመኝ የርቀቱ ነገር ነው። ቧንቧ ለመቆጠብ ብለን በ1 ሜትር ፈንታ በ2 ሜትር ርቀት ብንተክል፣ ጊዜው ሁለት እጥፍ ይሆናል ብሎ የሚገምት ተማሪ ብዙ ነው፤ እኔም በገመትሁ ነበር። ስሌቱ ግን 118 ቀን ይላል፤ ከ5 እጥፍ በላይ። ምክንያቱም የበረዶው ስፋት በራዲየሱ ልክ ሳይሆን በራዲየሱ ካሬ ያድጋል፤ ከዚህም በላይ አዲሱ ሙቀት ወደ ቧንቧው ለመድረስ እየወፈረ የሚሄደውን በረዶ ማቋረጥ አለበት። በረዶው ቤቱን በሠራ ቁጥር መንገዱን በራሱ ላይ ያስረዝማል። ይህን ለተማሪዎች ለማሳየት ሁለት ክበብ መሣል ይበቃል፤ ሰሌዳው በርሜል ቢሆንም ግድ የለም።

አሁን ስለ ዋናው ጠላት ልናገር። ብዙ ሰው ጠላቱ የአገሩ ሙቀት ይመስለዋል፤ ልክ እኔ እንደ መሰለኝ። ሙቀት ግን ቆሞ የሚጠብቅ ጠላት ነው፤ ቀንና ነዳጅ ጨምሮ ማሸነፍ ይቻላል። የሚፈራው የሚራመድ ውኃ ነው። በአፈር ውስጥ ያለው ውኃ በቀን ከ1 እስከ 2 ሜትር በሚሆን ፍጥነት የሚሄድ ከሆነ፣ ቧንቧው ያወጣውን ያህል ሙቀት አዲሱ ውኃ ይዞ ስለሚመጣ፣ በጨዋማ ውኃ የሚሠራው ዘዴ ይቸገራል። ዓምዶቹ አድገው ሊነካኩ ሲቃረቡ ደግሞ ውኃው በቀረችው ጠባብ በር በኩል ይበልጥ እየፈጠነ ይሮጣል፤ በሩም ሳይዘጋ ይቀራል። አንድ ቀዳዳ ሲሰረሰር ጥቂት ወደ ጎን ቢያዘነብል፣ ከላይ 1 ሜትር የነበረው ርቀት ከታች 2 ሜትር ሆኖ እንዲህ ያለውን በር ይከፍታል። በዚህ ጊዜ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ የሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን በቧንቧው ይለቀቃል፤ ፈጣን ነው፤ ዋጋው ግን ከባድ ነው።

የዚህ ትልቁ ምሳሌ ብዙ ኢትዮጵያውያን የተማሩባት፣ በዚያ ዘመን ሌኒንግራድ ትባል የነበረችው ከተማ ናት። የምድር ውስጥ ባቡር መንገዷ በሌስናያና በሙዜስትቫ አደባባይ ጣቢያዎች መካከል፣ አሸዋና ውኃ የሞላበትን የጥንት ወንዝ ሸለቆ ማቋረጥ ነበረበት። መሬቱን በብርድ አርግቶ ለማለፍ ታሰበ። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1974 ውኃና አሸዋ ዋሻውን ሰብረው ገቡ፤ ከላይ ያለው መሬትም ሰመጠ። መሐንዲሶቹ በብዛት ፈሳሽ ናይትሮጅን አምጥተው ሸለቆውን አረጉትና መንገዱ በ1975 መጨረሻ ተከፈተ። ከሃያ ዓመት በኋላ ግን በዚያው ስፍራ ውኃው ዋሻውን አሸንፎ በታኅሣሥ 1995 መንገዱ ተዘጋ፤ በሌላ መስመር አዲስ ዋሻ ተቆፍሮ እንደገና የተከፈተው በ2004 ነው። በረዶው ሥራው እስኪያልቅ ድረስ የሚይዝ እጅ ነበር እንጂ ለዘላለም የሚቆም ግንብ አልነበረም።

በጃፓን፣ በፉኩሺማ የአቶም ኃይል ጣቢያ ደግሞ፣ የከርሰ ምድር ውኃ ወደ ተበላሹት ሕንፃዎች እንዳይገባ 1.5 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመትና 30 ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው የበረዶ አጥር እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2016 ጀምሮ እንዲረጋ ተደረገ። በዚያም ውኃው በሚፈጥንባቸው ስፍራዎች መሬቱ አልረጋ ብሎ፣ ፍጥነቱን ለመቀነስ ሲሚንቶ መሰል ነገር ወደ ውስጥ መጨመር አስፈልጎ ነበር።

በአገራችንስ? በከተማ ሕንፃ ሥራ ጥቁሩን አፈር ቆርጦ ጥሎ በገረጋንቲ መተካት የተለመደ ስለ ሆነ ብዙ ጊዜ ከዚህ ጣጣ እናመልጣለን። ወደ ተራራ ሆድ ሲገባ ግን ማምለጫ የለም። የጊቤን ውኃ ወደ ኦሞ ሸለቆ የሚያወርደው የግልገል ጊቤ 2 ዋሻ 26 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት አለው። እ.ኤ.አ. በ2006 ቆፋሪው መኪና ደካማ መሬት ገጥሞት፣ ግፊቱ ከከባቢ አየር ግፊት 40 እጥፍ የደረሰ ጭቃ መጥቶ ያን ግዙፍ መኪና ወደ ኋላ ገፋው። መሐንዲሶቹ በጎን በኩል ሌላ መተላለፊያ ቆፍረውና ውኃውን አስተንፍሰው ነው ያለፉት። የውኃ ፊዚክስ የምታስተምሩ ሁሉ ይህን ታሪክ ለልጆቻችሁ ብትነግሩ፣ «ግፊት» የሚለው ቃል ከመጽሐፍ ወጥቶ በእግሩ ይቆማል።

አንድ ያስደነቀኝ ጥቂት ነገር አለ፤ ሳልናገረው ማለፍ አልወድም። የበረዶው ቀለበት ከመሬት በታች ሙሉ በሙሉ መግጠሙ እንዴት ይታወቃል? ማንም ወርዶ አያየውም። ሙቀት መለኪያዎች በልዩ ቀዳዳ ይወርዳሉ፤ ይህ ይገመታል። ነገር ግን ከዚህ ሌላ በቀለበቱ መካከል አንድ ክፍት ቧንቧ ይተከላል። ውኃ በረዶ ሲሆን በ100 እጅ 9 ያህል ያብጣል። ቀለበቱ ገና ክፍት ሳለ የተገፋው ውኃ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ቀለበቱ በገጠመ ጊዜ ግን መውጫ ያጣና በመካከለኛው ቧንቧ ሽቅብ ይነሣል። መሐንዲሱ በዚያ ቧንቧ የውኃው ከፍታ ሲጨምር ባየ ጊዜ «ተዘጋ» ይላል። ብዙዎቻችን ይህን ማበጥ ጠርሙስ የሚሰብር ጥፋት አድርገን ብቻ አስተምረነዋል።

ወደ ልጁ ልመለስ። የእርሱን ጉድጓድ ለብቻው አሰላሁት። ስፋቱ 2 ሜትር፣ ጥልቀቱ 4 ሜትር ያህል ነበር። በዙሪያው 4 ሜትር ስፋት ባለው ክበብ ላይ 13 ቧንቧ፣ እያንዳንዱ 5 ሜትር ወደ ታች ይተከል። ዓምዶቹ እስኪነካኩ የሚወጣው ሙቀት ከ5 ሚሊዮን ተኩል ኪሎ ካሎሪ በላይ ነው። መኪናው ይህን ሙቀት ከዜሮ በታች ካለ ቅዝቃዜ አንሥቶ 40 ዲግሪ ወደ ሞላው አየር መጣል ስላለበት ድካሙ ብዙ ነው፤ ኤሌክትሪኩ በናፍጣ ሞተር የሚመነጭ ከሆነ በግምት 7 በርሜል ናፍጣ ይበላል። ከዚህም ሌላ ጥቁር አፈር ለዚህ ሥራ ደግ አይደለም። ከአሸዋ ይልቅ እንዲህ ያለው ደቃቅ ጭቃ ከዜሮ በታች ሲወርድም በውስጡ ያልረጋ ውኃ ያስቀራል፤ ስለዚህ በአንድ ዓይነት ብርድ ከአሸዋ ያነሰ ጥንካሬ አለው። ደግሞም ከዙሪያው ውኃ ወደ በረዶው እየሳበ ስለሚያብጥ በአጠገቡ ያለውን ሁሉ ወደ ላይ ያነሣል፤ የእኛን ዳስ ምሰሶዎች ጭምር።

ስለዚህ ለልጁ ልሰጠው ይገባኝ የነበረው መልስ ይህ ነው። «ልጄ፣ አይናድም ነበር። 13 ቧንቧ፣ 21 ቀንና 7 በርሜል ናፍጣ ቢኖረን ኖሮ የጉድጓዱ ዙሪያ ይረጋ ነበር፤ አባትህንም አይቀብረውም ነበር። ነገር ግን ያን ሁሉ ከማምጣት ይልቅ ጥቂት የግራር እንጨት ቆርጠን ግድግዳውን በማገርና በድጋፍ ብናስይዘው በግማሽ ቀን ያልቅ ነበር።» የመልሱን ሁለተኛ ግማሽ በዚያ ጊዜም አውቀው ነበር። አባቶቻችን ጉድጓድ ሲቆፍሩ እንዴት እንደሚደግፉ ከልጅነቴ አይቻለሁ። ጥያቄውን በቁም ነገር ሰምቼው ቢሆን ኖሮ ስለ በረዶ ባላውቅ እንኳ ስለ ግድግዳ ድጋፍ መነጋገራችን አይቀርም ነበር። በነሐሴ ወር የተናዱት ሌሎቹ ሁለት ጉድጓዶችም ድጋፍ ባገኙ ነበር።

በ2013 ዓ.ም. ኡም ራኩባ በተከፈተች ጊዜ፣ ልጆች በዳስ ሥር ተቀምጠው ሲማሩ የሚያሳይ ፎቶግራፍ አየሁ። ከኋላቸው ያው ጥቁር አፈር፣ ያው የተሰነጠቀ መሬት። ከመምህሩ አጠገብ ዚር ይኖር እንደ ሆነ ብዬ ፎቶግራፉን ደጋግሜ አየሁት።

ያቀረብሁትን ስሌት ከነቁጥሩ በወረቀት አስጽፌ በአዳራሹ በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫለሁ። የፈለገ ይውሰድ። የአፈሩን ሙቀትና የቧንቧውን ርቀት እየለዋወጣችሁ ከተማሪዎቻችሁ ጋር ሞክሩት፤ ስሕተት ያገኘ ተማሪም ቢኖር ስሙን ጽፋችሁ ብትልኩልኝ ደስ ይለኛል።